የተቃጠለ ዘይት ላብራቶሪ ሲገባ፦ ዘይትና ፊልትሮ ማወዳደሪያ መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ ዘይት የሚመረመረው በጣት ነው። ሾፌሩ መለኪያውን ይመዛል፣ ጠብታዋን በሁለት ጣቱ መሃል ያሻታል፣ ወደ ፀሐይ ያያታል፣ ከዚያ ይፈርዳል። "ወፍሯል" ወይም "ውሃ ሆኗል"። ጥቁር ከሆነ ደግሞ "አልቆለታል"። እኔም ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት እንዲሁ ስፈርድ ኖሬአለሁ። ጥቁረቱ ግን ብዙም አይናገርም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል። ጥላሸቱን ተሸክሞ እንዳይረጋ ማድረግ ሥራው ነው።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ የአንድ ደንበኛዬ ሁለት አይሱዙዎች ናቸው። ሞዴላቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ። አንደኛው ውድ ሲንተቲክ ዘይት ይጠጣል፣ ሌላው ተራውን 15ደብልዩ-40 (የመጨረሻዋ 40 የውፍረቱ ደረጃ ናት)። ባለቤቱ "የቱ ይሻላል? በወረቀት አሳየኝ" አለኝ። ከሁለቱም ናሙና ቀድተን በዘይት አቅራቢው በኩል ላብራቶሪ ላክን። ወረቀቱ ሲመጣ ብረት የበዛው በውዱ ዘይት ውስጥ ነበር። ሰውየው "አቦ ተበላሁ!" ብሎ ስልኩን አነሳ፣ ሻጩን ሊሳደብ። ቆይ አልኩት። ወረቀቱ ላይ ከብረቱ ጎን ሲሊከንም አሉሚኒየምም አብረው ከፍ ብለዋል። ይህ የአቧራ ፊርማ ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ተርቦው የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ፈታሁት። ማሰሪያው ላልቷል፣ ውስጡን ጣቴን ሳስገባ ዱቄት የመሰለ አሸዋ ይዞ ወጣ። ዘይቱ ምንም አላጠፋም፣ ሞተሩ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይውጥ ነበር።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ስትከተሉ አንድ ነገር ያዙ፦ ምርመራው በመጀመሪያ ስለ ሞተሩና ስለሚገባበት ነገር ነው የሚናገረው። ስለ ዘይቱ ማርካ የሚናገረው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አየሩን ዝጉ

ናሙና ከመቅዳታችሁ በፊት የአየር መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ። ቱቦው ተሰንጥቆ ይሆን? ማሰሪያው ጠብቋል? የፊልትሮው ጎማ ከቤቱ ጋር በደንብ ይገጥማል? ነጭ ጨርቅ ከፊልትሮው ቀጥሎ ባለው ንጹሕ በሚባለው በኩል አስገብታችሁ ጥረጉ። አቧራ ይዞ ከወጣ ምርመራውን ተዉትና ቀዳዳውን ፈልጉ።

እዚህ ከተማ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሾፌሩ የአየር ፊልትሮውን ያወጣል፣ ጎማ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ከዚያ ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕሬሰር ይነፋዋል። በየሳምንቱ። ወረቀቱ ይሳሳል፣ ጫፉ ይጣመማል፣ ጎማው መግጠም ይተዋል። ባትሪ ውስጡ ይዛችሁ ጨለማ ውስጥ ብታዩት እንደ ወንፊት የሚያበራ ፊልትሮ አጋጥሞኛል። ደግሞም ጥቂት አቧራ የያዘ የወረቀት ፊልትሮ ከአዲሱ የተሻለ ያጣራል፣ የያዘው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናልና። በየቀኑ መክፈት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የመዘጋት ጠቋሚ ካለው እሱን እመኑ።

ከደቻቱ አሸዋ የሚጭን፣ የሲሚንቶ ጭነት የሚያመላልስ ወይም በመልካ ጀብዱ በኩል ጠጠር መንገድ የሚበላ መኪና ካላችሁ ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል።

ደረጃ 2፦ ያልተነካውን ዘይት አብራችሁ ላኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ከጀሪካኑ አዲስ ዘይት ቀድታችሁ በሌላ ጠርሙስ ላኩ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ ፎስፈረስ፣ ሞሊብዲነም የመሳሰሉት በአዲሱም ዘይት ውስጥ አሉ፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው የጨመራቸው። መነሻውን ሳታውቁ ማለቁን ማወቅ አትችሉም።

ሌላም ጥቅም አለው። አስመስሎ የተሞላ ዘይት ገበያ ላይ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጀሪካኑ ላይ ሲአይ-4 (የናፍጣ ሞተር ዘይት የጥራት ደረጃ ነው) ተብሎ ተጽፎ ዚንኩና ካልሲየሙ ለስም ያህል ብቻ ከሆነ፣ ውፍረቱም ከ40ው ክልል ከወጣ፣ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት መልስ አግኝታችኋል። የ40 ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ውስጥ መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን በወጉ ቅዱ

ወረቀት የሚያበላሸው ላብራቶሪው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቀጂው ነው።

መኪናው ከመንገድ ሲመለስ፣ ዘይቱ ትኩስ እያለ ቅዱ። ሌሊቱን የቆመ ሞተር ዘይት ከባድ ከባዱን ወደ ታች አስቀምጧል፣ ከላይ የምትቀዱት ያማረ ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በዘይት መለኪያው ቀዳዳ በኩል ነው። አዲስ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና አዲስ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ከፋርማሲ ግዙ። ቱቦውን ከመለኪያው ዘንግ ጋር አስተካክላችሁ ለኩ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ እንዲል ብቻ ቁረጡት። ረዝሞ የካርተሩን (የታችኛውን የዘይት ገንዳ) ወለል ከነካ ዝቃጭ ይስባል። የመጀመሪያውን ሲሪንጅ ሙሉ ወደ አሮጌ ዘይት ጣሳ ድፉት፣ ቱቦውን ማጠቢያ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ ጠርሙሱ።

ሁለተኛው መንገድ ዘይት ሲቀየር ነው። ታፖውን፣ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ማለት ነው፣ ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉ። መጀመሪያ የሚወርደውን አትቅዱ፣ መጨረሻ የሚንጠባጠበውንም አትቅዱ። ወራጁ መሃል ላይ ሲደርስ ጠርሙሱን ከሥሩ አስገብታችሁ ቅዱና አውጡ። እጅ ይቃጠላል፣ ጓንት አድርጉ። የተረፈውን ዘይት በርሜል ውስጥ አድርጉት፣ ወደ ወንዙ አሸዋ አትድፉት።

ጠርሙሱ ላብራቶሪው የሚሰጠው ይሁን። የሃይላንድ ፕላስቲክ አጥቤ ተጠቀምኩ የሚል ሰው ውሃ ተገኘ ሲባል አይደንግጥ። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ቱቦ ይኑረው። ከአንዱ የቀረች ጠብታ የሌላውን ወረቀት ትበክላለች።

ከዚያ ፎርሙ። ታርጋ፣ ጠቅላላ ኪሎ ሜትር፣ ዘይቱ የሠራው ኪሎ ሜትር፣ የዘይቱና የፊልትሮው ስም፣ በመሃል የተጨመረ ዘይት በሊትር። የመጨረሻዋን ሾፌሩ ይደብቃታል፣ "ሞተሬ ዘይት አይጠጣም" ብሎ ይምላል። ዘይት የሚጠጣ ሞተር በየጊዜው አዲስ ስለሚጨመርለት ብረቱ ይቀጥንና ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ደብተር አስይዙት። ቀኑን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ አቆጣጠር ጻፉ። አንዱን በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ የጻፈ ሰው የመኪናውን ታሪክ በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲያስኬድ አይቻለሁ፣ ስቀናል።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን አንብቡ

ብረታ ብረቱ በፒፒኤም ይጻፋል፣ ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደ ማለት ነው። ብረት ከካሚሻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር)፣ ከፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ከኮሎ (ዋናው የሚሽከረከር ዘንግ)፣ ከጥርሶች ይመጣል። ክሮሚየም ብዙ ጊዜ ከፋሻ ነው። እርሳስ፣ ቆርቆሮና መዳብ አብረው ከተነሱ ብሮንዚናውን፣ ኮሎው የሚሽከረከርበትን ማቀፊያ፣ ጠርጥሩ። መዳብ ብቻውን ከፍ ካለ ግን አትጣደፉ፣ ከዘይት ማቀዝቀዣው እየሟሟ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በአዲስ ሞተር ወይም የዘይቱ ዓይነት በተቀየረ ሰሞን። አሉሚኒየም ከፒስተን ወይም ከአቧራ ነው።

ሲሊከን ላይ እንቆይ። አቧራ ብለን እንጮኻለን፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። እኛ ሜካኒኮች ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ማሸጊያ) ላይ የምንለጥፈው ሲልከን ማጣበቂያ ራሱ ዘይት ውስጥ ይሟሟል። በቅርቡ ካርተሩ ወርዶ የታሸገ ሞተር ሲሊከኑ ቢንር ብረትና አሉሚኒየሙ ግን ባይንቀሳቀሱ፣ ጥፋቱ የእኛው ነው፣ ከሁለት ሦስት ቅያሪ በኋላ ይጠፋል። አቧራ ሲሆን ግን ሲሊከንና አሉሚኒየም ተያይዘው ይነሳሉ፣ ብረትና ክሮሚየም ይከተሏቸዋል። አቧራው አሸዋ ወረቀት ሆኖ ፋሻና ካሚሻ እየበላ ነውና።

ሶዲየምና ፖታሲየም የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ዘይት ሲገባ ይታያሉ። እዚህ አንድ የድሬ ጣጣ አለ። ብዙዎቻችን ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ነው የምንሞላው፣ ያውም ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ድንጋይ የሚያለብሰውን። ኩላንት ከሌለ የኩላንት ምልክት የለም። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውሃ እያሳለፈ ወረቀቱ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የውሃውን መጠን ለብቻው አስመርምሩ። በተቃራኒው ከጅቡቲ ጨው ጭኖ የሚመጣ መኪና ትንሽ ሶዲየም ቢያሳይ ከጨው ብናኙ ሊሆን ይችላል፣ ፖታሲየሙን አይታችሁ ፍረዱ።

ስለ ዘይቱ ራሱ የሚናገሩት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ውፍረቱ ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ቀንሶ ከሆነ ናፍጣ እየገባ ይሆናል፣ ኢንጀክተሮቹን ተመልከቱ። ጨምሮ ከሆነ ጥላሸት በዝቷል ወይም ዘይቱ በሙቀት አርጅቷል። ሙሉ ጭነት ይዞ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ጥላሸቱ ከዳገት የለሽ መንገደኛ ይበልጣል፣ ይህን ወረቀቱ አያውቅም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ቲቢኤን የሚባለው አሲድ የማርከስ አቅም ነው። በናፍጣው ያለ ድኝ ሲቃጠል አሲድ ይሆናል፣ ዘይቱ ያረክሰዋል፣ እያረከሰ ያልቃል። ቁጥሩ ከአዲሱ ግማሽ በታች ሲወርድ ቀይሩ። ሲነጻጸር ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት መለኪያ ዘዴ የተለኩ ይሁኑ፣ ዘዴው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ደረጃ 5፦ ዘይቶቹን አፋጡ

አሁን ነው ውድድሩ። ሁለት መኪና ካላችሁ ቀላሉ መንገድ ማቀያየር ነው። ለአንደኛው ሀ ዘይት፣ ለሁለተኛው ለ ዘይት፣ ሦስት ሦስት ቅያሪ። ከዚያ አቀያይሩና ሦስት ሦስት ድገሙ። ብረቱ መኪናውን ተከትሎ ከቀረ ጉዳዩ የመኪናው ነው። ዘይቱን ተከትሎ ከሄደ የዘይቱ ነው። መኪናችሁ አንድ ከሆነ ሦስት በሀ፣ ሦስት በለ፣ ከቻላችሁ እንደገና ወደ ሀ።

ከአንዱ ዘይት ወደ ሌላው በተዛወራችሁ ማግስት የሚመጣውን የመጀመሪያ ወረቀት ከቁጥር አታስገቡት። ታፖ ተፈትቶም ቀላል የማይባል አሮጌ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ዘይት ደግሞ የቀድሞውን ቆሻሻ ሊያጥብ ይችላል። በዚያች ወረቀት ስንቱ ጥሩ ዘይት ተሰድቧል!

ቁጥሩን በሠራበት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። እንበል አንደኛው 6,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ ብረቱ 48 ሆነ፣ ሌላው 4,000 ሄዶ 36። ጥሬውን ያየ ሰው ሁለተኛው ይሻላል ይላል። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ሲሆን ግን 8 እና 9 ናቸው። ከዚህ አልፌ ልንገራችሁ፣ 8 እና 9 እኩል ናቸው። ላብራቶሪው ያንኑ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ ቢለካው እንኳ ትንሽ ይለያያል። በአንድ በሁለት ነጥብ ዘይት አትምረጡ። እጥፍ ሲሆንና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ብቻ ተነሱ። የሚበጀው ግን ሁሉንም በእኩል ኪሎ ሜትር፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ወቅት መቅዳት ነው። ደወሌ ድረስ ቆላውን የሚነዳውን ሐረር ከሚወጣው ጋር አታወዳድሩ።

ሁለቱ ዘይቶች ተስማሚ ደረጃ ካላቸውና ወረቀታቸው ከተቀራረበ፣ ልዩነታቸው ያለው በዕድሜ ላይ ነው። አንደኛው 5,000 ላይ ቲቢኤኑ ሲያልቅ ሌላው ገና ከሆነ፣ የውዱ ዋጋ የሚመለሰው ቅያሪውን ስታራዝሙ ነው። በ5,000 የምትደፉት ከሆነ ብራችሁን ነው የምትደፉት።

ደረጃ 6፦ ፊልትሮውን በሌላ ዓይን

ፊልትሮ ማወዳደር ከዘይት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ብረት የሚለካው መሣሪያ ትልልቁን አያይም። የሚያየው ከ5 እስከ 8 ማይክሮን በታች የሆነውን ነው። የፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው፣ አስቡት። ዋናው የዘይት ፊልትሮ የሚይዘው መሣሪያው ከሚያየው የሚተልቀውን ነው። ስለዚህ ፊልትሮ ቀይራችሁ ፒፒኤሙ ካልተነቃነቀ ፊልትሮው አይረባም ማለት አይደለም፣ መሣሪያው የእሱን ሥራ አያይም እንጂ። ፊልትሮ ለማወዳደር የብናኝ ቆጠራ ጠይቁ። በጥላሸት የጠቆረ ዘይት ላይ በብርሃን የሚቆጥረው መሣሪያ ይሳሳታል፣ በወንፊት መዘጋት የሚቆጥረው ዘዴ ካለ እሱ ይሁን።

ካርቶኑ ላይ "10 ማይክሮን" ስለተባለ አትደሰቱ። ስንቱን ይይዛል? ቤታ የሚባለው ቁጥር ነው መልሱ። ቤታ 2 ከሆነ በአንድ ማለፊያ ግማሹን ያስቀራል፣ ግማሹን ይለቃል። ቤታ 75 ከሆነ 98.7 በመቶ፣ ቤታ 200 ከሆነ 99.5 በመቶ ይይዛል። ሦስቱም "10 ማይክሮን" ሊባሉ ይችላሉ።

ባይፓስ ፊልትሮ የሚገጥሙ አሉ፣ አንዳንድ ሞተር ከፋብሪካውም ይዞት ይመጣል። ከዘይቱ ትንሹን ብቻ በጎን እየወሰደ እስከ ጥቂት ማይክሮን ያጣራል። ጥሩ ነገር ነው። ወረቀት ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። ብረቱ ቢቀንስ ሞተሩ መበላቱን ትቷል ማለት ላይሆን ይችላል፣ ፊልትሮው ማስረጃውን በልቶት ነው። የዘይቱ መጠንም ስለሚጨምር ብረቱ ይቀጥናል። ከመገጠሙ በፊትና በኋላ ያለውን በአንድ ተራ አትደርድሩ፣ አዲስ ገጽ ጀምሩ።

ከላብራቶሪ ውጭ የምወደው ፊልትሮውን መቅደድ ነው። በርጩማ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት ሥራ ነው። ፊልትሮውን አንድ ሌሊት አንጠባጥቡት። በግራይንደርና በመጋዝ አትቁረጡት፣ የራሱ ፍቅፋቂ ወረቀቱ ላይ ይረጭና ትደነግጣላችሁ። የጣሳ መክፈቻ ዓይነት መቁረጫ ይሻላል። የታጠፈውን ወረቀት በቢላ ለይታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በሞርሳ ጨምቁትና ፀሐይ ላይ ዘርጉት። የድሬ ፀሐይ ለዚህ እንኳ ይጠቅመን። ማግኔት አስጠጉ። የሚያብለጨልጭና የሚነሳ ብረት ነው። ወርቃማ ሆኖ ማግኔት የማይነሳው ከብሮንዚና ነው። ግራጫ ሆኖ ማግኔት የማይነሳው ቅርፊት እርሳስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። በጣት የሚደቅ ጥቁር ፍርፋሪ ካርቦን ነው፣ አያስፈራም። ላብራቶሪው "ደህና ነው" ብሎ ፊልትሮው ወርቅ ካሳያችሁ ፊልትሮውን እመኑ። በድንገት የሚላላጥ ብሮንዚና የሚጥለው ቅርፊት ለመሣሪያው በጣም ትልቅ ነው።

እስከዚያው በእጅ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች

ወረቀቱ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ጠብታ ትኩስ ዘይት ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ጣሉ፣ ለሰዓታት ተዉት። ጥላሸቱ እየሳሳ ወደ ዳር ከተንሰራፋ ዘይቱ አሁንም ቆሻሻውን በትኖ ይዟል። መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ከረጋና ዙሪያው ነጭ ከቀረ መሸከም አቅቶታል። ለውሃ ደግሞ የብረት ሳህን በደንብ አግሉና ጠብታ ጣሉበት። ካልተንጣጣ ደህና ነው፣ እንደ ሽሮ ቁሌት ከተንጣጣ ውሃ አለ። መነጽር አድርጉ፣ ይረጫል።

የእነዚያ ሁለት አይሱዙዎች ነገር እንዲህ አለቀ። ቱቦው ተቀየረ፣ ማሰሪያው ጠበቀ፣ ሁለቱን ዘይት አቀያየርን። ብረቱ ዘይቱን አልተከተለም። ባለቤቱ ሁለቱንም ወደ ተራው 15ደብልዩ-40 መለሳቸው፣ በተረፈው ብር ሁለት እውነተኛ የአየር ፊልትሮ ገዛ። ሾፌሩ ግን ባለፈው ሳምንት ፊልትሮውን ጎማ ላይ ሲያንኳኳ ያዝኩት።